ግራጫው ሶፋችን ሳሎኑን አከበደው፤ ችግሩ ትራሱ ነው ወይስ አቀማመጡ?

ባለ ግራጫ ሶፋ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ወራት በፊት ባለ ሦስት መቀመጫ ግራጫ ሶፋ ገዛን። መሸጫው ውስጥ ስናየው ረጋ ያለ፣ ከማንኛውም ነገር ጋር የሚስማማ ግራጫ ነበር፤ ቤታችን ከገባ በኋላ ግን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መሰለኝ፤ ባለቤቴም ሳልነግረው ይህንኑ አስተዋለ። መልኩን ለማለዘብ ብዬ ከሶፋው ጋር በመጡት አምስት ትራሶች ላይ ሁለት ደማቅ ቀይ ትራሶች ጨመርሁ፤ ሳሎኑ ግን በመድመቅ ፈንታ የተጨናነቀ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ትራሶቹን አንሥቶ የሚያኖርበት ቦታ መፈለግ ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር እሳቀቃለሁ።

ልኬቶቹን ልግለጽ። ሳሎኑ 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር ነው። ሶፋው 2.20 ሜትር ርዝመትና 95 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው፤ የመደገፊያው ጫፍ ከወለል 85 ሳንቲሜትር፣ መቀመጫው ደግሞ 43 ሳንቲሜትር ከፍታ አላቸው። ሶፋው በረጅሙ ግድግዳ በኩል፣ ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ቆሟል። ከፊቱ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የመሃል ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወዲያ 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አለ። ምንጣፉ 1.20 በ1.70 ሲሆን የተነጠፈው ከጠረጴዛው ሥር ብቻ ነው። ግድግዳው ክሬም ሆኖ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። ከሶፋው በላይ 40 በ50 የሆነ አንድ ሥዕል ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ተሰቅሏል። መስኮቱ ከሶፋው በስተቀኝ ነው፤ ማታ የምንጠቀመው ደግሞ ጣሪያው መሃል ያለውን አንድ ነጭ አምፖል ብቻ ነው። አሁን ሰናፍጭ መልክ ያላቸው ትራሶች ልገዛ አስቤአለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ግን የእናንተን ምክር መስማት መረጥሁ።

ሜትር አይለየኝ፦

ልኬቱን አሟልተው በመጻፍዎ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ምክር መስጠት ይቀላል። በእኔ አስተያየት የሳሎንዎ መጨናነቅ የሚጀምረው ከትራሱ ሳይሆን ከምንጣፉ ነው። ትንሽ ምንጣፍ ከጠረጴዛው ሥር ብቻ ሲነጠፍ ጠረጴዛው ከምንጣፉ ጋር ለብቻው፣ ሶፋው ደግሞ ባዶ ወለል ላይ ለብቻው ይቀራሉ፤ ዓይንም እንደ አንድ መቀመጫ ስፍራ ሊያያቸው አይችልም። ምንጣፉ ከሶፋው ግራና ቀኝ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ሊያልፍ፣ የሶፋው የፊት እግሮችም ሊቆሙበት ይገባል። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ከሶፋው ጋር ትይዩ ሆኖ ቢነጠፍ በየጎኑ 40 ሳንቲሜትር ያልፋል። ከሶፋው ሥር 25 ወይም 30 ሳንቲሜትር ያህል ይግባ፤ የኋላ እግሮቹ ባዶ ወለል ላይ ቢቀሩ ነውር የለውም። ምንጣፉ ወፍራም ከሆነ ብቻ ሶፋው ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ከኋላ እግሮቹ ሥር የተቆረጠ የሱፍ ጨርቅ ወይም ስስ ጎማ ያድርጉበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ክፍተት ነው። ሶፋውን ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያርቁት። ከሶፋው ፊት እስከ ጠረጴዛው ድረስ ከ35 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይተዉ፤ ከዚህ ካነሰ ጉልበት ይጋጫል፣ ከዚህ ከሰፋ ደግሞ የተቀመጠ ሰው ብርጭቆውን ለማኖር መነሣት አለበት። እንግዲህ ስንደምረው 10፣ 95፣ 40፣ 60 እና የቴሌቪዥን ማስቀመጫው 40 በጠቅላላው 245 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ከ360 ሲቀነስ 115 ይተርፋል። ለመተላለፊያ ከ75 እስከ 90 ሳንቲሜትር በቂ ስለሆነ ሳሎንዎ ጠባብ አይደለም። ጠባብ ያስመሰለው አቀማመጡ ነው።

ጠባብ ሳሎን፦

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን "ሶፋውን ከግድግዳ ያርቁ" የሚለው አባባል እንደ ሕግ በየቦታው ሲነገር እሰማለሁና አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ሳሎን ስፋቱ 2.80 ሜትር ብቻ ነው። ይህንኑ ምክር ተቀብዬ ሶፋዬን 30 ሳንቲሜትር ባርቀው መተላለፊያው ጠበበና ለሁለት ሳምንት ያህል የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ስንጋጭ ከረምን፤ ከሶፋው ጀርባ የተፈጠረው ክፍተትም አቧራና የጠፉ እስክሪብቶዎች የሚጠራቀሙበት ጉድጓድ ሆነ። አሁን 6 ሳንቲሜትር ላይ አቁሜዋለሁ። ይህም ቢሆን ጥቅሙን አይቻለሁ፤ መደገፊያው ግድግዳውን አይፍቅም፣ የግድግዳው ውጫዊ ፊት ዝናብ ስለሚመታው ከሶፋው ጀርባ ይሰማን የነበረው የእርጥበት ሽታም አየር ሲያገኝ ጠፋ። ስለዚህ ርቀቱን የሚወስነው ከፊት ለፊት የሚቀረው መተላለፊያ ነው እላለሁ።

ሜትር አይለየኝ፦

ትክክል ብለዋል፤ እኔም 10 ሳንቲሜትር ያልሁት የጠያቂዋን 115 ሳንቲሜትር መተላለፊያ አይቼ ነው። በ2.80 ሜትር ክፍል ውስጥ ቢሆን ይህን አልመክርም ነበር።

የቀለም ነገር፦

እኔ ስለ ሐምራዊው መልክ ልናገር፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ሶፋው ተቀይሮ እንደመጣለት የሚጠረጥርበት ነገር ይህ ነው። ሶፋዎ አልተቀየረም። በፓሪስ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኧዤን ሼቭሬል ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦለት ነበር፤ የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው ተባለ። እርሱ ግን ክሩን መርምሮ ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ ከተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች መሆኑን ደረሰበት፤ ግኝቱንም በ1839 አሳተመ። አንድ ቀለም በአጠገቡ ያለውን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል። የቢጫ ተቃራኒ ወደ ሐምራዊ የሚሄደው ነውና ቢጫ ያዘለ ግድግዳ ፊት የቆመ ግራጫ ሐምራዊ መስሎ ይታያል።

ይህን ለማረጋገጥ ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም። ከሶፋው ጋር የመጡት አምስቱ ትራሶች ከዚያው ጨርቅ የተሠሩ ከሆነ አንዱን ነጭ አንሶላ ላይ ያኑሩት፤ ሌላውን ደግሞ ግድግዳው ላይ አስደግፈው በቀን ብርሃን ሁለቱን ያስተያዩ። ነጩ ላይ ያለው በመሸጫው ያዩት ግራጫ ሆኖ ያገኙታል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሰናፍጩን ትራስ እባክዎ ይተዉት። ግድግዳው የጀመረውን ትራሱ ያባብሰዋል፤ ግራጫው ከግራም ከቀኝም ወደ ሐምራዊ ይገፋል። ደማቁ ቀይ በበኩሉ ግራጫውን ወደ አረንጓዴ ስለሚስበው ሶፋው በሁለት አቅጣጫ የሚጎተት ይመስላል፤ "ተጨናነቀ" ያሉት ስሜት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። የሚያስፈልግዎ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ ሞቃት መልክ ይመልሰዋል። ከእርሱ ጋር እንደ እንጨት ያለ ፈዘዝ ያለ ቡናማና ያልነጣ ነጭ ቢያስከትሉ በቂ ነው፤ አራተኛ ቀለም አያስገቡ። እነዚህኑ ቀለሞች ምንጣፉ ላይ ወይም ሥዕሉ ላይ አንድ ጊዜ ቢደግሟቸው ትራሶቹ ከሌላ ቤት የመጡ አይመስሉም።

ሰፊዋ፦

ትራስና የሶፋ ልብስ መስፋት ሥራዬ ስለሆነ ይህን ክፍል ለእኔ ተዉልኝ።

መደገፊያው 85፣ መቀመጫው 43 ከሆነ ከመቀመጫው በላይ የሚታየው መደገፊያ 42 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። አሁን ያሏችሁ ትራሶች 40 በ40 ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ ከሶፋው ጋር የሚመጡት ብዙ ጊዜ እንዲያ ናቸው። ሰባት እኩል ትራሶች ቁመታቸው ከመደገፊያው ጋር ሲስተካከል ከሩቅ የሚታየው አንድ ወፍራም ግንብ ነው፤ መደገፊያውም ይጠፋል። ሁለት 50 በ50 ትራሶችን ለሁለቱ ማዕዘኖች ብቻ ያድርጉ፤ ከመደገፊያው 8 ሳንቲሜትር ብቅ ቢሉም ክንድ ማሳረፊያው ስለሚደግፋቸው አይወድቁም። በአንደኛው ማዕዘን ከፊት 45 በ45 የሆነ አንድ ትራስ፣ በሌላኛው ማዕዘን 30 በ50 የሆነ የወገብ ትራስ ያስከትሉ። አራት ይበቃል። መሃሉን ባዶ ይተዉት፤ እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንድ ትራስ በጀርባ በኩል ሲቆም ከመቀመጫው ጥልቀት 15 ሳንቲሜትር ያህል ይወስዳል፤ ፊትና ኋላ ሁለት ከደረቡ ደግሞ እንግዳዎ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መቀመጡ ነው፤ ቢያነሣቸው አይፈረድበትም።

አሁን ስለ ውስጡ። ሰዎች ውድ ልብስ ያሰፉና ውስጡን ይረሱታል። ልብሱ 50 በ50 ከሆነ የውስጡ ሙሊት 55 በ55 መሆን አለበት፤ እኩል ከሆነ ማዕዘኖቹ ሳይሞሉ እንደ ጥጃ ጆሮ ይንጠለጠላሉ። ላባ የተሞላ ትራስ የሰውን ጀርባ ቅርጽ ተቀብሎ ይቆያል፤ በየዕለቱ ግን መንፋት ይፈልጋል። ሰው ሠራሽ ፋይበር ራሱ ይመለሳል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ በላባ ለሚያስነጥሰው ሰውም ይሻላል፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን መቋጠር ይጀምራል።

ከፈይ ከመረጡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እጅዎን በከፈይ ላይ ወደ ታች ሲያሳልፉ የሚለሰልስ፣ ወደ ላይ ሲመልሱት የሚሻክር ከሆነ ጸጉሩ ወደ ታች የተኛ ነው። የሁሉም ትራሶች ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። በአንድ ወቅት አንዲት ደንበኛዬ "ሁለት የተለያየ ጨርቅ ሰፋሽልኝ" ብላ አዝና መጣች፤ ሁለቱም ከአንድ ጥቅል የተቆረጡ ነበሩ፤ አንዱን ገልብጬ ስለሰፋሁት አንዱ ጥቁር አንዱ ፈዛዛ መስሎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር እንደገና ቆርጬ ሰፋሁላት። ከዚያ ወዲህ ከፈይ ስቆርጥ በጀርባው ላይ በኖራ ቀስት ሳላሠምር መቀስ አላነሣም።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰፊዋን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ቤት ሶፋው መቀመጫ ብቻ ሳይሆን መዝለያም ነው። ከፈይ ይቻለናል? ደግሞስ ሶፋው ላይ የሚጣለው ስስ ብርድ ልብስ ለውበት ብቻ ነው ወይስ ሶፋውን ይጠብቃል?

ሰፊዋ፦

የጨርቅ ጥንካሬ በማርቲንዴል መለኪያ ይነገራል፤ ጨርቁ ስንት ጊዜ ቢፋተግ መበላሸት እንደሚጀምር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለዕለት ተዕለት የቤት አገልግሎት ከ15,000 እስከ 25,000 ያለው ደህና ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤት ከ25,000 በላይ ያለውን እመርጣለሁ። ለጌጥ ብቻ ለሚቆም ትራስ ዝቅተኛውም ይበቃል። ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ከፈይ ብዙ ጊዜ ይህን ያልፋል፤ የጥጡና የሐሩ ግን ይለያያልና ሻጩን ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ልብሱ ዚፕ ያለውና በውኃ የሚታጠብ ይሁን።

ስለ ብርድ ልብሱ፦ ሶፋውንም ይጠብቃል፤ መቀመጫን በጨርቅ መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ወንዶች ጸጉራቸውን የሚቀቡት የማካሳር ዘይት የወንበሩን መደገፊያ ስለሚያቆሽሽ በላዩ ዳንቴልና ጨርቅ ማልበስ ተለመደ። ስለዚህ ሰው በሚነካበት ቦታ፣ ማለትም ክንድ ማሳረፊያው ላይ ወይም ማዕዘኑ ላይ ይዋል። 130 በ170 የሆነውን በርዝመቱ ሦስት ቦታ አጥፈው፣ ከመደገፊያው ጀርባ ጀምሮ በመቀመጫው ላይ ወርዶ ከፊት በኩል ጥቂት እንዲንጠለጠል ቢያደርጉት አይንሸራተትም።

ማታ አንባቢ፦

ብርድ ልብሱን በተመለከተ ከራሴ የደረሰውን ልናገር። የእኔ ሶፋ መስኮት አጠገብ ነው። ብርድ ልብሱን አንድ ዓመት ሙሉ ሳላንቀሳቅስ አንድ ማዕዘን ላይ ተውሁት። ለማጠብ ሳነሣው ከሥሩ የሶፋው የመጀመሪያ ቀለም እንደ ማኅተም አራት ማዕዘን ሆኖ ተገኘ፤ ዙሪያው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ቦታ ለመሸፈን ስል ብርድ ልብሱን እዚያው እመልሰዋለሁ። የጠያቂዋም መስኮት በስተቀኝ ነውና ብርድ ልብሱንም ትራሶቹንም በየወሩ ቦታ ያለዋውጡ፤ ፀሐይዋ በቀጥታ በምትገባበት ሰዓትም ስስ መጋረጃ ይዘርጉ።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ጣሪያ መሃል ያለ አንድ አምፖል ሶፋውን ከላይ ስለሚመታው መቀመጫው ይበራና መደገፊያው ይጨልማል፤ የተቀመጠውም ሰው ዓይኑ ሥር ጥላ ይውላል። በቀን ብርሃን የሚገባው ከቀኝ ስለሆነ ጨለማው ግራ ማዕዘኑ ነው፤ እዚያ አንድ ቋሚ መብራት ያቁሙ። የቆቡ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ሊስተካከል ይገባል፤ በእርስዎ ሶፋ ከ105 እስከ 115 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከዚህ ከፍ ካለ አምፖሉ ዓይን ይወጋል። አምፖሉን ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚለውን ይምረጡ፤ ኬልቪን የብርሃን መልክ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ይሆናል። "ነጭ" ያሉት አምፖል 6500 ኬልቪን ከሆነ ብርሃኑ ሰማያዊ ያዘለ ነው፤ ሐምራዊው መልክ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ባለ ግራጫ ሶፋ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነጭ አንሶላ ላይ ያኖርሁት ትራስ በእርግጥ ግራጫ ሆኖ ታየኝ፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁትና ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን አየነው። አምፖሉም 6500 የሚል ተጽፎበታል። ስለ ሥዕሉ ግን እስካሁን ምክር አልተሰጠኝም፤ ከፍ ተደርጎ የተሰቀለው ልጆች እንዳይነኩት ብለን ነበር።

የቀለም ነገር፦

ሥዕሉ ከሶፋው ጋር መነጋገር አለበት፤ አሁን ባለበት ከጣሪያው ጋር ነው የሚነጋገረው። የሥዕሉ ወይም የሥዕሎቹ ጠቅላላ ስፋት ከሶፋው ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ2.20 ሜትር ይህ 1.45 አካባቢ ይመጣል። እያንዳንዳቸው 45 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ክፈፎች በመካከላቸው 5 ሳንቲሜትር እየተዉ ቢሰቀሉ ልክ 1.45 ይሞላሉ። የታችኛው ጠርዛቸው ከመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር በላይ፣ ማለትም ከወለል ከ100 እስከ 105 ሳንቲሜትር ይሁን። በክፈፉና በሥዕሉ መካከል ሰፊ ነጭ ካርቶን ያለበትን ቢመርጡ ነጩ ከቢጫው ግድግዳና ከግራጫው ሶፋ መካከል ስለሚገባ ለቀለሙም ይረዳል። ምስማር ከመምታትዎ በፊት ጋዜጣ በክፈፎቹ ልክ ቆርጠው በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና ሁለት ሦስት ቀን ይዩት።

ባለ ግራጫ ሶፋ (ጠያቂ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስሁ፤ የደረስሁበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምንም የማያስወጣውን ነበር። ሶፋውን 10 ሳንቲሜትር አራቅን፣ ጠረጴዛውን 40 ላይ አቆምን፣ ቀዮቹን ትራሶች አነሣን። ለሳምንት እንዲሁ ኖርንበት። ከዚያ አምፖሉን ለውጠን ቋሚውን መብራት በግራ ማዕዘን አቆምን፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው። ቀድሞ ማታ ማታ ሁላችንም በየክፍላችን እንበተን ነበር፤ አሁን ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መብራቱ ሥር፣ እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ ትቀመጣለች።

ጋዜጦቹን ስለጥፍ መጀመሪያ 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌአቸው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከበሩ ስገባ ከሶፋው ተለያይተው የሚንሳፈፉ መስለው ታዩኝና ወደ 18 አወረድኋቸው። አሁን ቦታቸውን ይዘዋል። ጥቁር ሰማያዊዎቹ ሁለት ትራሶች ማዕዘን ላይ ናቸው፤ ቡናማው 45 በቀኝ፣ ያልነጣው ነጭ የወገብ ትራስ በግራ። ሐምራዊው መልክ ፈጽሞ ጠፋ ማለት አልችልም፤ ማለዳ ላይ ትንሽ ይታየኛል። ግን አሁን ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እርሱ ላይ አይደለም።

ትልቁን ምንጣፍ ገና አልገዛሁም፤ ትንሹን ለጊዜው አንሥቼ ወለሉን ባዶ ተውሁት፤ ከነበረበት ይሻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ ከሶፋው ጋር የመጡትን አምስት ትራሶች ምን ላድርጋቸው? ጨርቃቸው ደህና ነው፣ መጣል አሳዘነኝ።

ሰፊዋ፦

እንዳይጥሏቸው። ሁለቱን ሶፋው ሲቆሽሽ ወይም ሲቀደድ ለመጣፊያ የሚሆን ጨርቅ ስለሚወጣባቸው እንዳሉ ያስቀምጧቸው፤ ያንን ጨርቅ ከዓመታት በኋላ ከገበያ አያገኙትም። የሦስቱን ልብስ ፈትተው ፋይበራቸውን አውጡና የተቋጠረውን በእጅ እየነጩ ያላሉት። ከዚያ 60 በ60 የሆነ፣ በዙሪያው 12 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የወለል መቀመጫ ይስፉበት። የሦስቱ ፋይበር ላይሞላው ይችላል፤ የቀዮቹን ሁለት ትራሶች ሙሊት ይጨምሩ። ከታች የሚውለውን ፊት ወፍራም ጨርቅ ያድርጉት፣ ዚፑም በጎን ሳይሆን ከታች በኩል ይሁን፤ ልጅዎ ስትቀመጥበት እግሯን አይቧጭራትም።

ባለ ግራጫ ሶፋ (ጠያቂ)፦

ቀዮቹም ሥራ አገኙ ማለት ነው። ለክፈፎቹ ከቆረጥሁት የተረፈ ጋዜጣ አለኝ፤ ንድፉን ዛሬ ማታ በእርሱ እቆርጣለሁ።